ሳላውቅ ያስታረቀኝ ጠበቃ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መካነ ሰላም ከተማ፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆሜያለሁ... ጠበቃ ልቀይር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመንገድ ሥራ ጠጠር የሚፈጭ ድርጅት ውስጥ ስሠራ ማሽኑ የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ቆረጠብኝ። የማሽኑ መከለያ ከወለቀ ሳምንት አልፎት ነበር፤ ለአለቃዬ ሁለቴ ተናግሬያለሁ። ካሳ ጠይቄ ከሰስኩ፣ ከደሴ ለሚመላለስ ጠበቃም ውክልና ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ወሬው «አብሽር፣ ተቀጥሯል» ብቻ ሆነ። ሲሰለቸኝ እዚሁ ከተማ ያለች ጠበቃ አናገርኩ። «መጀመሪያ መዝገቡን አስገልብጥ» አለችኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና ቀና አለ።

«ወንድም፣ ይሄ እኮ ከተዘጋ አራት ወሩ። ታርቃችኋል።»

«ከማን ጋር?»

«ከድርጅቱ ጋር ነዋ!»

ግልባጩን ይዤ ወደ አዲሷ ጠበቃ ሄድኩ። አነበበችው። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው። «ሠራተኛው ጉዳቱ በራሱ ጥፋት የደረሰ መሆኑን አምኖ...» ይላል።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ለድሮው ጠበቃ ደወልኩ።

«ቀጠሮው መቼ ነበር?»

«አብሽር! ለሚቀጥለው ወር ነው። ዳኛው ታመው ነው እንጂ...»

«የእርቁን ወረቀት ይዤ ነው የምደውልልህ።»

«ስማኝ፣ ላንተው ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ አታገኝም ነበር። ከድርጅቱ የተቀበልኩልህን ብርም ላመጣልህ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩህ መቼ ነው?»

ስልኩን ዘጋው።

የሰጠሁት ውክልና ላይ «ለመታረቅ» የሚል ቃል አለበት ለካ። ያኔ ማንም አላነበበልኝም፣ እኔም አላነበብኩትም። ቀኝ እጄ ገና በፋሻ እንደታሰረ የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ፣ አሻራዬን አኑሬ ወጣሁ።

«ማታለሉን ጠቅሰን እርቁ እንዲፈርስ እንጠይቃለን። ግን ከባድ ነው፣ እንዲሁ ተስፋ አልሰጥህም» አለችኝ አዲሷ ጠበቃ። የሷን ውክልና ቃል በቃል አነበብኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አልተቆጣችም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እህስ፣ ጠበቃ ቀየርክ?» አለችኝ።

«ቀየርኩ... ያኛው ግን ያላጠፋሁትን በኔ ስም ተናዞልኝ ነው የሄደው።»