ድንጋይ በርን የወጣችው ባጃጅ

የሻረግ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወፍጮ ቤት እስከ መንደሯ ያለውን መንገድ በጀርባዋ ነው የምታውቀው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የጎረቤቱን ሁሉ ገብስና ስንዴ ተሸክማ ወደ ከተማ ትወርዳለች፤ ዱቄቱን ተሸክማ ደግሞ ድንጋይ በር የሚባለውን ዳገት ትወጣለች። መውረዱስ ይሁን፣ ቁልቁለቱ ያግዛል። ሲወጡ ግን የሚያግዝ የለም። ደከመኝ ስትል ሰዉ አይዞሽ ይላታል፤ አይዞሽ የሚሏትም እህሉን የላኳት ሰዎች ናቸው።

አንድ ልጅ አላት፣ ጥበቡ ይባላል። ጎልማሳ ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። አምና የተመለሰው ወባ ጥሎት፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ነበር፤ እስኪያገግም ድረስ ያስታመመችው እሷ ናት። ዘንድሮ ጓደኞቹ ስንቅ መቋጠር ሲጀምሩ የሻረግ እንቅልፍ አጣች። ጥበቡም አልሸሸጋትም፤ እዚህ የሚይዘው ሥራ ካገኘ እንደሚቀር፣ ካጣ ግን ከመስቀል ማግስት እንደሚነሳ ነገራት። ደብረ ታቦር ሄዶ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። የሚነዳው ነው ያጣው።

የባጃጁ ሐሳብ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። መግዣው ደግሞ፣ ጥበቡ ከመተማ ካጠራቀማት ገንዘብ ሌላ፣ ባሏ የተወላት በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ ማሳዋን የሚያርስላት። እሱ ከተሸጠ መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ መስጠቷ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሸጥ ነገር የላትም።

ሻጩ ዋለ የከተማው ልጅ ነው፤ ጓዙን ጠቅልሎ ባሕር ዳር ሊገባ ነበር። ባጃጇን እንደ ሙሽራ ኩሎ ድሯታል ማለት ይቻላል። ፊልም ላይ ያያትን አንዲት የድሮ የውድድር መኪና ለማስመሰል ቀይ ቀለም ቀብቷታል፤ በጎኗ ነጭ መስመር አስምሮባታል፤ ከፊቷ ዓይናቸው የፈጠጠ ክብ ክብ መብራቶች ተክሎላታል፤ ከኋላዋ ደግሞ ክንፍ ነው ብሎ አንድ ወፍራም ብረት በይዶባታል። ሦስት እግር ላላት ነገር ክንፍ ምን እንደሚሠራላት እሱ ይወቀው። ጥበቡ ግን ገና ሲያያት ዓይኑ እዚያው ቀረ። የሻረግ ልጇ አንድን ነገር እንዲህ ሲመኝ አይታ አታውቅምና ፈራች።

በእነሱ አገር በሬ የሚገዛ ሰው በቀንዱ ማማር አይሸነገልም። ጠምዶ፣ ጠንከር ያለ መሬት ላይ አሳርሶ፣ ትልም ላይ የሚተኛ መሆን አለመሆኑን አይቶ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው። የሻረግም ለዋለ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ቀለሙ ይቆየን፣ ዱቄት ጭነንባት ድንጋይ በርን ትውጣና እንይ አለችው። ዋለ የባጃጇን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ግድ የለም ብሎ፣ ብቻ ዳገቱ ላይ ጠባይዋን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እኔ ልንዳ አለ። ዳገቱ ሥር እስካለው ወንዝ ድረስ ሜዳውን ጥበቡ እንዲነዳ ተስማሙ።

የሻረግ ከኋላ ከጆንያዎቹ ጎን ተቀመጠች። ሐሳቧ ዓይኗን ሳትነቅል መከታተል፣ ሞተሩ ሲያቃስት ማዳመጥ ነበር። ግን ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ጀርባዋም ተደገፈ። እሷን ተሸክሞ የሄደ ነገር ከዚያ በፊት መኖሩ ትዝ አይላትም። ከከተማው ሳይወጡ ዓይኗ ከበደ፣ ጆንያው ላይ ዘንበል አለች፣ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

የቀሰቀሳት ብርዱ ነው። ባጃጇ ቆማለች። ድንጋይ በር አናት ላይ ናቸው፤ የከተማው ቆርቆሮ ከታች ያብረቀርቃል። ዋለ ከመሪው ላይ ዞሮ አያት።

«ይኸው እትዬ የሻረግ፣ እንቅልፍዎን ሳትነካ ወጣችልዎት።»

ደስ አላት። ልጄ ቀረልኝ አለች በልቧ። ከዚያ ልጇን ፈለገችው። ጥበቡ ከኋላ፣ ክንፍ የተባለውን ብረት ይዞ ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም። ቁልቁል መንገዱን አየች። ጭቃው ላይ፣ በጎማዎቹ ዱካ መሀል፣ ጣቱ ጠልቆ ተረከዙ መሬት ያልነካ የሰው እግር ዱካ ተከታትሎ መጥቷል። እሷም ያንን ዳገት ስትረግጥ የኖረችው እንዲሁ ነው።

«ከየት ጀምረህ ገፋህ?»

ጥበቡ ዋለን አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ። «ከወንዙ» አለ።

«ምነው ብትቀሰቅሰኝ? ወርጄ በእግሬ እወጣ ነበር።»

«ቀን ተኝተሽ አይቼሽ አላውቅም፣ እማዬ። አሳዘንሽኝ።»

ዋለ ሞተሩ ትንሽ ቢታይ፣ መንገዱ ቢደርቅ እያለ ብዙ ተናገረ። የሰማው የለም። በሬ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ መልሳ ትሸኘው ነበር፤ ይህን የሻረግም ታውቃለች፣ ልጇም ያውቃል። ቁርጡን የተረዳ ሰው ይመስል ከአሁኑ ፊቱን ወደ ቆላው አዙሮ ቆሟል። የእሷ ሸክም እሱ ላይ ሲያርፍ ማየት አልፈለገችም። ግን አምና በሰው ትከሻ ተደግፎ ደጇ የደረሰበት ቀን ደግሞ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«መተማ ከምትሄድ» አለች «ይህችን ብትገፋ ይሻለኛል።»

በሬው በሚቀጥለው ገበያ ተሸጠ፣ ባጃጇ ተገዛች። መስቀል አለፈ፤ ጓደኞቹ ሄዱ፣ ጥበቡ ቀረ። ባጃጇ ሜዳውን ትፈነጭበታለች፤ ጭነት ይዛ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ግን ታቃስትና ትቆማለች። ያኔ የሻረግ ማንም ሳይጠይቃት ትወርዳለች፤ ነጠላዋን ታገለድማለች፣ ክንፉን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ትገፋለች። ክንፍ የሚሠራውን ሥራ ያወቀችው እዚያ ነው። ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ቀና ስትል ግን ልጇ መሪ ይዞ ከፊቷ ይታያታል።