የድንጋይ ቀሪቦ

እትዬ ከሪማ ሰው በቀላሉ ሲያምኑ አይቼ አላውቅም። ገብስ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሥሩ ዘግነው ያሸታሉ። ብርጭቆ ታጥቦ ሲቀርብላቸው ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው ያዩታል። ስለ እሳቸው መጻፍ የሚገባው ከኔ ይልቅ በደንብ የሚያውቃቸው ሰው ነበር። እስካሁን የጻፈ ስላላየሁና በነገሩ ውስጥ የኔም እጅ ስላለበት ነው የምሞክረው።

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ቀሪቦ ይሸጡ ነበር። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ፣ መልኩ የጠቆረ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ ሙስሊሙ በሰርጉም በመውሊዱም ይጠጣዋል። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ በአሰብ መንገድ ላይ ከሞቱ ወዲህ እትዬ ከሪማ የሚተዳደሩት በዚያ ጥቁር መጠጥ ነበር። አሠራሩን የተማሩት ገራዶ ይኖሩ ከነበሩት ከባላቸው እናት ነው። ሌላው ሰው በብረት ድስት ሲያፈላ እሳቸው ግን ትልቁን የሸክላ ጋን ውሃና ገብስ ሞልተው የጋለ ድንጋይ ይጨምሩበት ነበር። ጋን እሳት ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃላ።

ድንጋዩም ማንኛውም ድንጋይ አይደለም። “የወንዝ ድንጋይ ውሃ ጠጥቷል፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል” ይላሉ። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ደረቁን ጥቁር ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ፣ በሌላ ድንጋይ እያንኳኩ ድምፁን ሰምተው ይመርጡ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀበሌያችን ጸሐፊ ሆኜ ነበር። ስኳር የሚገኘው በራሽን ካርድ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም። ሰዉ ሻዩን በጨው ይጠጣ ነበር። የእትዬ ከሪማ ቀሪቦ ግን እንደ ድሮው ይጣፍጣል።

በየሳምንቱ ስለ ቀበሌው ሁኔታ አንድ ገጽ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። አንድ ሳምንት የሚጻፍ ነገር አጣሁ። ገጹ እንዳይጎድል ብዬ “ስኳር በጠፋበት በዚህ ወቅት የወይዘሮ ከሪማ ቀሪቦ ጣዕሙን አልቀነሰም” የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። እንደ ምስጋና ነበር የጻፍኩት። ሊቀ መንበሩ ጓድ ኢስሐቅ ግን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ከሪማ ተጠሩ።

“ስኳሩን ከየት አመጣሽው?” አለ ሊቀ መንበሩ፣ በዕድሜ እናቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ እያለ።

“የምን ስኳር?”

“ሕዝብ መራራ ሻይ ሲጠጣ አንቺ ቤት የሚጣፍጠው ምንድን ነው? የአየር ጠባዩ ነው?”

“ድንጋዩ ነው።”

ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። “እስከ ቅዳሜ የስኳሩን ምንጭ ካላመለከትሽ ቤትሽ ይታሸጋል፣ አንቺም ለፍርድ ሸንጎ ትቀርቢያለሽ። አሻጥር ነው ይሄ!”

እሑድ ኮምቦልቻ ላይ የነጋዴው የአቶ ጀማሉዲን ልጅ ሰርግ ነበር፤ አራት ጋን ቀሪቦ ያዘዙት ከእሳቸው ነው። እትዬ ከሪማ ከቢሮው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው አዩኝ።

“ማነው የጠቆመኝ?”

አንገቴን ደፍቼ ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ።

“አብሽር፣ አንተን አልጠየቅኩህም” አሉ። “አውቃታለሁ። አጥሬ ጎን ያለችው ናት።”

አጥራቸው ጎን ያለችው አትጠገብ ነበረች፤ ጠላ ሻጭ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ክርስቲያን። የእትዬ ከሪማ ቤት ሲሞላ የሷ አግዳሚ ባዶ ይሆናል። ሰዉም እሷን ጠረጠረ። እኔ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ከሪማ ጋናቸውን፣ እንጨታቸውንና ድንጋያቸውን አሸክመው ቀበሌው ግቢ ገቡ። “ዓይናችሁ እያየ እሠራዋለሁ” አሉ። ሊቀ መንበሩ አትጠገብን በባለሙያነት አስጠራ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ የሱፍም መጡ፤ አቶ ጀማሉዲን ወሬውን ሰምተው “ሸህ የሱፍ ካላረጋገጡልኝ ቀሪቦው ሰርጌ ላይ አይቀርብም” ብለው ልከው ነበር።

እትዬ ከሪማ የተቆላውን ገብስ ጋኑ ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር አንድ ትንሽ ቋጠሮ አወጡና ለአፍታ አመነቱ። ከኔ በቀር ያስተዋለ ያለ አልመሰለኝም። ቋጠሮውን ሲፈቱ ግን ሁሉም አየ። ብቅል ነበር።

የሙስሊም ቤት ብቅል ምን ይሠራል? ብቅል የጠላ ነው። ሸህ የሱፍ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ስኳር እንደሌለ ለቀበሌው ካሳዩ ብቅሉ በሙስሊሙ ፊት ይጋለጣል፤ ብቅሉን ከደበቁ ቀበሌው ያስራቸዋል። ለዚህ ነበር ማክሰኞ ዕለት “ድንጋዩ ነው” ብለው ዝም ያሉት።

“ከየት ገዛሽው?” አለ ሊቀ መንበሩ።

“ከኔ” አለች አትጠገብ። “በአጥር ላይ ነው የማቀብላት። ብቅል መሸጥም አሻጥር ሆነ እንዴ?”

እትዬ ከሪማ ዞር ብለው አዩዋት፤ ጠቋሚዬ ናት ያሏት ሴት ናት። የጋለውን ድንጋይ በሁለት እንጨት ይዘው ጋኑ ውስጥ ለቀቁት። ውሃው ጮኸ፣ እንፋሎቱ ግቢውን ሸፈነው። ጣታቸውን ነክረው “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ቆጥረው አወጡ። ሦስት እስኪቆጠር ጣት ከቻለው ልኩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጋለ ብቅሉ ጣፋጭነቱን አይሰጥም። ከድነው ቆዩ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ ድንጋይ። ቀትር ላይ ድንጋዮቹን ሲያወጡ ላያቸው ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ይዘዋል። ሊቀ መንበሩ ቅርፊቱን በጥፍሩ ፈቅፍቆ ቀመሰ። የተቃጠለ ከረሜላ ነበር፣ ያለ አንድ ቅንጣት ስኳር።

እትዬ ከሪማ ቅርፊቱን መልሰው አሟሙት፣ በመጨረሻም ቀይ የሆኑትን ድንጋዮች ባንድ ጊዜ ጨምረው ጋኑን አንተከተኩት። አጥልለው ሲቀዱት ጥቁር ነበር፤ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ብቻ ዳሩ ይቀላል። እኔም ደረሰኝ። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ ከዋጡት በኋላ ጣፋጭነት።

ሊቀ መንበሩ አፉን ጠረገ። “ስኳር የለበትም” አለ፣ ቅር እያለው።

ሸህ የሱፍ ግን አልጠጡም። “ዛሬስ ጣፋጭ ነው። ብቅል ያለበት ነገር ነገ ከነገ ወዲያ ምን ይሆናል?”

“ወላሂ ሸህ፣ የመጨረሻው ድንጋይ ያፈላዋል፤ አራት ቀን አይለወጥም” አሉ እትዬ ከሪማ። “እርስዎን አላታልልም።”

“አታታልይኝም። ግን ለሌላ ሰው ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ። እስከ ቅዳሜ ይቀመጥና ይቀመስ።”

ሊቀ መንበሩ የስኳሩን ነገር ዘጋሁ ለማለት ስላልፈለገ ሐሳቡን ወደደው። “ከዚህ አንድ ማሰሮ ቀበሌው ያሽጋል። ቅዳሜ ጠላ ሆኖ ከተገኘ ያለ ፈቃድ ጠላ በመሸጥ ትጠየቂያለሽ” አለ። ማሰሮ እንዳመጣ እኔን አዘዘ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ቢሮው ውስጥ ማሰሮ አልነበረም። ሮጬ ወጣሁ። አትጠገብ ቀበሌው ግቢ ውስጥ እያለች ደጃፏ ላይ የተደፋ ማሰሮ አየሁና አነሣሁት። ተመልሼ ማስፈቀድ አፈርኩ። ቧንቧው ጋ ሁለት ጊዜ አለቅልቄ፣ ቀሪቦውን ሞልቼ፣ አፉን በጨርቅ አስሬ ማኅተም መታሁበትና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሸክላ የጠላ እርሾ ጠጥቶ እንደሚያስቀር የማያውቅ ሰው በደሴ ያለ አይመስለኝም። እኔም አውቅ ነበር፤ ያኔ ግን አላሰብኩትም።

አርብ ቁም ሳጥኑን ስከፍት የማሰሮው ጨርቅ ተወጥሮ አየሁት። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ውስጡ ቀስ እያለ ይንሾካሾካል። ልናገር ብዬ ሊቀ መንበሩ በር ድረስ ሄጄ፣ ተመልሼ መጣሁ።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰቡ። እትዬ ከሪማ የሰርጉን አራት ጋን ሠርተው፣ ቤታቸው ደጃፍ ደርድረው ነው የመጡት። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ቆርጦ ጨርቁን ሲያነሣ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

“በቃ!” አለ፣ ደስ ብሎት። “ቀሪቦ ነው አይደል?”

እትዬ ከሪማ አረፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አትጠገብን አዩ። “ነክተውብኛል” አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። “ያ ረቢ፣ የነካው ሰው አለ።”

“ሌባ ሁሉ እንዲህ ይላል” አለ ሊቀ መንበሩ።

“ይቀመስ” አሉ ሸህ የሱፍ። “አትጠገብ፣ ልጄ፣ አንቺ ቅመሺው። የኔ ምላስ ጠላን ከየት ያውቀዋል?”

አትጠገብ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች። አፏ ውስጥ አቆየችው። ብርጭቆውን አስቀምጣ ማሰሮውን አነሣችና ቂጡን ገልብጣ አየች።

“ጠላ ነው” አለች። እትዬ ከሪማ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። አትጠገብ ቀጠለች፦ “ግን የሷ አይደለም፤ የኔ ነው። ከሪማ ጌሾ ነክታ አታውቅም፤ ይሄ ጌሾ አለው። ወይራም አለው፤ በወይራ የማጥነው እኔ ነኝ። ማሰሮውም የኔ ነው፤ ይኸው ቂጡ የተቀነጠበው። ከረቡዕ ጀምሮ ስፈልገው ነበር። ማነው የወሰደው?”

“ተመሳጥራችሁ ነው!” አለ ሊቀ መንበሩ። “ብቅል ሻጭና ብቅል ገዥ! አንቺ ራስሽ ነሽ እርሾ የጨመርሽው። ጸሐፊ፣ ሁለቱንም ጻፍ፤ ሁለቱም ለሸንጎ ይቀርባሉ።”

እስክሪብቶው በእጄ ነበር። የከሪማን ስም ጻፍኩ። የአትጠገብን ስም ስጀምር ቀለሙ እምቢ ያለኝ መሰለኝ፤ እጄ ነበር እምቢ ያለው።

“ማሰሮውን የወሰድኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

“ምን አልክ?”

“ከአትጠገብ ደጃፍ። ሳላስፈቅድ። አለቅልቄዋለሁ።”

“አለቀለቀው!” አለች አትጠገብ፣ ጭንቅላቷን ይዛ። “አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ምን ነበር የሚያስተምሩህ?”

ሊቀ መንበሩ እኔንም በጥርጣሬ ያየኝ ጀመር። ቀበሌው ያሸገው ማስረጃ ከተበላሸ ሴትዮዋ ነጻ ናት የሚላት ማነው? ያኔ ሸህ የሱፍ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡ።

“ረቡዕ ዕለት እኔም ከዚያው ጋን ቀድቼ ነበር” አሉ። “ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር ነው የቆየው። አደራ ሁለት ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው።”

ቀበሌውን አላምንም ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አትጠገብ ጠርሙሱን ከፈተች። አረፋ የለውም። ቀመሰች፣ እንደገና ቀመሰች፣ ሦስተኛም ልትደግም ስትል ሸህ “ለምስክርነት ሁለቱ ይበቃል” አሏት።

“ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል፤ የገብሱ ነው። ጠላ የለበትም። ይሄን የምላችሁ ደንበኞቼን የወሰደብኝ መጠጥ መሆኑን እያወቅሁ ነው” አለች፣ ሊቀ መንበሩን እያየች።

ሸህ የሱፍ “ቢስሚላህ” ብለው ከጠርሙሱ ተጎነጩ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ከፊቴ ወስዶ ቀደደው።

እሑድ ማለዳ አራቱ ጋን በገለባ ተደግፈው ጭነት መኪና ላይ ወጡ። ኬላው እንዳይዛቸው የይለፍ ወረቀቱን ይዤ እኔም አብሬ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሸህ የሱፍ አነሡ፣ ቀጥሎ አቶ ጀማሉዲን፣ ከዚያ ዳሱ ሁሉ። እትዬ ከሪማ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጡም። የዳሱ በር ላይ ቆመው የሚጠጣውን ሰው አፍ አፉን ያያሉ። ጋኖቹ ሲያልቁ ብቻ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ስንመለስ መኪናው የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ተነፈስኩ።

“እትዬ ከሪማ፣ አትጠገብ አይደለችም የጠቆመችው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይጣፍጣል ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሌላ አላሰብኩም።”

ድንጋያቸውን የሚለቅሙበትን ገደል በዓይናቸው ይከተሉ ነበር።

“ማሰሮውን ስትናገር ይሄንንም ትናገራለህ ብዬ ጠብቄ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “አመሸህብኝ።”

ደሴ እንደደረሱ ቤታቸው አልገቡም። ከሰርጉ የተሰጣቸውን ሥጋ ትተው ዳቦውን ብቻ ይዘው በአትጠገብ በር ገቡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የአትጠገብ ሳቅ ግን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቅሉ በአጥር ላይ ሳይሆን በበር መግባት ጀመረ።

እኔን አላባረሩኝም። እስከ ዘመናቸው መጨረሻ ድረስ እየቀዱ ሰጥተውኛል። ብርጭቆ ግን ከቤቴ ይዤ እንድመጣ አደረጉ፤ ይዤው ስሄድ ደግሞ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ያነሡትና “ይሄስ ከማን ቤት ነው?” ይሉኝ ነበር።