ካርድ ያላቃጠለችው የጎባ ፀሐይ

ጎባ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ንጉሤ አንድ የብርጭቆ ኳስ አስረከቡኝ። ኳሱ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው የተሰካውን ካርድ ያቃጥላል። የተቃጠለው መስመር ፀሐይ ለስንት ሰዓት እንደታየች ይነግረናል።

"ካርዱን ፀሐይ ስትጠልቅ መቀየር ብቻ ነው፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ጎባን ጠበሰቻት። ካርዶቹ ግን ነጭ እንደሆኑ ወጡ።

"ወይዘሪት፣ እነዚህ መሳቢያ ውስጥ የዋሉ ካርዶች ናቸው" አሉኝ አቶ ንጉሤ።

"ኧረ ሰክቻቸዋለሁ፣ ጌታዬ።"

"እና ፀሐይዋ ናት የዋሸችው? እስከ ነገ ምክንያቱን ካላመጣሽ የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ያበቃል።"

በማግስቱ ቀትር ላይ ኳሱ አጠገብ ተንበረከክሁ። ነጥብ ሆኖ ማረፍ የሚገባው ብርሃን ካርዱ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ተሰራጭቷል። ብርሃን በከዋክብትና በፕላኔቶች ከባቢ አየር ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ተምሬአለሁ። ስስ ደመና ሲኖር ጨረሩ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ቀኑ ብሩህ ሆኖም ካርዱ ላይቃጠል ይችላል። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ኳሱን ነካሁት፤ አሟለጨኝ። ጣቴን አሸተትኩ። ቅቤ!

ዘበኛችን ኦቦ ቱፋ ከኋላዬ ቆመዋል። "ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኳሷን እንዳይሰነጥቃት ብዬ ነው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ብርዱ ከጠና ከአራት ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እቀባታለሁ፤ አንድ ቀን አላስታጎልኩም።"

"አቶ ንጉሤ ያውቃሉ?"

"ካወቁማ ያባርሩኛል።"

ዓይን አፋር ነኝ፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። መዝገቡ ላይ "በፀሐይና በካርዱ መካከል ብርሃን የሚበትን ስስ ሽፋን ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም።

አቶ ንጉሤ አነበቡት። "ስስ ደመና! እኔም ጠርጥሬ ነበር" ብለው ሊፈርሙ ብዕራቸውን አነሡ። ያልነበረ ደመና መዝገብ ሊገባ ነው። ጨነቀኝ።

"ከፍታው ስንት ይሆናል?" አሉኝ።

"ዝቅ ያለ ነው፣ ጌታዬ። እጅ ይደርስበታል።"

ትኩር ብለው አዩኝ፤ ወጡ፤ ኳሱን ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ኦቦ ቱፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ኦቦ ቱፋ!"

"አቤት፣ ጌታዬ።"

"ለኳሷ ደረቅ ጨርቅ ይበቃታል። ቅቤው ለቁርሴ ይምጣ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ካርድሽን ሰክተሽ ሥራሽን ቀጥዪ።"

በማግስቱ ካርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቃጠለ።

እስከ ዛሬ ካርድ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ቀና ብዬ ሰማዩን ከማየቴ በፊት ኳሱን አሸታለሁ።