ራስጌው ወደ ሰሜን

ቺጉሳ ቶኩናጋ ኦሳካ በሚገኝ አንድ የቪዲዮ ጌም መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሻ ስትቆፍር ኖራለች። በአካፋ አይደለም፤ በካሬ ወረቀትና በእርሳስ። የጌሙ ጀግና የሚገባባቸውን የምድር ውስጥ ክፍሎች፣ ወጥመዶቹንና የተደበቁ በሮቹን የምታወጣው እሷ ናት። የበረሃው ዋሻ ተራ ሲደርስ አለቃዋ ሳያንገራግር ለእሷ ሰጣት። የአሸዋ አገር የቶቶሪ ልጅ አይደለች! አባቷ አሸዋ ላይ ሽንኩርት ሲተክል እያየች ያደገች። ጃፓን ውስጥ ከዚያ የባሰ በረሃ ከየት ይመጣል?

ዋሻውን አሳምራ ሠራችው። ሰው የሚውጥ አሸዋ፣ የሚሽከረከሩ ዓምዶች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ግዙፍ ጊንጥ። ከጊንጡ በር አጠገብ ግን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አንድ አልጋና አንድ ማሰሮ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት ብቻ። ጀግናው እዚያ ጋደም ካለ ጉልበቱ ይመለስለታል። ክፍሏ የአባቷ የማሳ ጎጆ ነበረች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ክፍሏን ሳትጨርስ አባቷ ሞተ። «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ፈቃድ ወሰደች፣ አስከሬኑ በወጉ ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን ከአመዱ ከዘመዶቿ ጋር ለቀመች፣ በአራተኛው ቀን ወንበሯ ላይ ነበረች። እንባ ጠብ አላላትም። ጎረቤቶቹ «አንጀቷ ጠንካራ ነው» አሉ። እሷ ግን አንጀት ያላትም አልመሰላት። ሲርባት ትበላለች፣ ሲነጋ ትሠራለች፤ ሌላ ምንም አይሰማትም፤ ይኸው ነበር የሚያስፈራት።

በማስረከቢያው ቀን አለቃው ቁርጡን ተናገረ። ከቀትር በኋላ ምንም አይታረምም፤ ጉድለት የተገኘበት ክፍል ተጫዋች እንዳይገባበት በሩ በድንጋይ ይዘጋል። ቺጉሳ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ጎጆዋ እንድትተርፍ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌሙን የሚፈትሹት ሽማግሌው ኦቺያይ ጠሯት።

«አንቺ የአሸዋ ልጅ፣ ነይማ!»

«ምን አገኙብኝ ኦቺያይ-ሳን?»

«ጌሙ ውስጥ አሥራ አራት አልጋ አለ። አሥራ ሦስቱ ደህና ናቸው። የዚህችን ራስጌ ወዴት እንዳዞርሽው ኮምፓሱን እዪ።»

ወደ ሰሜን ነበር።

«በቁሙ ያለ ሰው እንደ ሬሳ ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ ይተኛል እንዴ? አያትሽ አልቆነጠጠችሽም? ነገ የሚጫወቱት ልጆች እናቶች ስልኩን አንስተው ‹ማን ሞቶባችሁ ነው?› ነው የሚሉን።»

ቺጉሳ መቼ እንዳዞረችው ትዝ አላላትም። ከለቅሶው በተመለሰች ማግስት መሆን አለበት። አባቷን ቤት ውስጥ ያጋደሙት እንዲያ ነው፤ እጇ ያየችውን ሣለ።

«አባቴ» አለች።

«አባትሽ ምን ሆኑ?»

«ማን ሞቶባችሁ ነው ካሉን፣ አባቴ።»

የኦቺያይ ቀይ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። «መቼ?»

«ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ።»

ተረብ አጥተው የማያውቁት ሰውዬ ተረቡን ትተው እስክሪብቶውን አወረዱ። የጉድለት መዝገቡ ላይ «ስህተት አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው» ብለው ጻፉና ማኅተማቸውን አሳረፉበት። «በይ እንደሚሠራ ፈትሺ» አሉና መቆጣጠሪያውን አስጨብጠዋት ሻይ ሊያመጡ ወጡ።

ጀግናውን ወደ አልጋው ወሰደችውና አስተኛችው። ስክሪኑ ጨለመ፣ አጭር ዜማ ተሰማ፣ ጉልበቱ ሞልቶ ተነሳ። ደግማ አስተኛችው። ተነሳ። ኦቺያይ ሁለት ኩባያ ይዘው ሲመለሱ ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር።

«ይሠራል?»

«ይነሳል» አለች፣ ድምጿ እየተሰበረ። «በተኛ ቁጥር ይነሳል።»

እንደገናም አስተኛችው።