ፈረሱ ያመጣው ማርክ

ሞላሌ ገበያ ዳር ያለችው ሱቄ ባትሪ ትሸጣለች፣ ቻርጀር ትሸጣለች፣ የስልክ መስታወት ትቀይራለች። በገበያ ቀን ግን ሰው የሚያሰልፈው ዘፈን ማስጫን ነው። ገበሬው ሚሞሪ ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ በጣቱ ጫፍ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ እሰካና "ምን ልጫንልዎ?" እላለሁ። ያን ጊዜ ሰው ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ለእኔ ይነግረኛል። ፊቱ የተቋጠረ ሽማግሌ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ከዚያ ከሚያስጨፍረው ትንሽ ጣል አርጊበት" ይለኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሰው ምን እንደሚወድና ምን እወዳለሁ እንደሚል ለይቼ ያወቅሁት እዚያች ወንበር ላይ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሁለት ተማሪዎች አከራይቼ ነበር። ሁለቱም ከገጠር የመጡ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። አንደኛዋ ድምፀ መረዋ ናት፤ ልብስ ስታጥብ እንኳ መንገደኛ ታስቆማለች። ሌላዋ ዝምተኛ፣ ከጓሳ አፋፍ የመጣች የፈረሰኛ ልጅ ነበረች። ነበረች የምለው በዓመቱ አጋማሽ ላይ አባቷ መጥተው ፍራሿን ጠቅልለው ፈረስ ላይ ስለጫኑት ነው።

አባትየው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ነገር ግን ፈረስ ላይ ያለን ሰው ቀና ብለው እያዩ "አንተ" ማለት አንገት ያሳምማል፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ "እርስዎ" ብያቸው ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ምነው? ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት" አልኳቸው።

"የወንድሜ ልጅም ጎበዝ ነበር። ተመረቀና መጣ። አሁን ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል" አሉኝ፣ መጫኛውን እያጠበቁ። "ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ይህን ያህል ዓመት መማር ያስፈልጋል? የኔ ቤት ድንጋይ ቅርብ ነው።"

ልጅቷ የፈረሱን ልጓም ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሳይደርስ ካልተመለሰች ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ድምፀ መረዋዋ ተከራዬ፣ ዘፋኟ፣ ሁለት የክፍሏን ልጆች አስከትላ ሱቄ ገባች። አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ ደህና ስልክ ያለው ልጅ ነው፤ ካሜራው እሱ ነው። ሌላው ግጥም የሚገጥም ዲያቆን። የኪነ ጥበብ መምህራቸው የሙዚቃ ቪዲዮ ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸዋል፤ የሚሞላ ወረቀትም ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩ። "ዒላማ ተመልካች" የሚል መስመር አለው። ፊት ለፊቱ ባማረ ጽሕፈት "መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ" ብለው ሞልተዋል።

"ዒላማ ምንድን ነው?" አልኩት ዲያቆኑን።

"የሚተኮስበት ነዋ፣ እትዬ።"

"ጥምቀት ሲወጣ፣ ሠርግ ላይ፣ ወንዱ ሲፎካከር አይተሃል። ስንት ዒላማ ነው የሚተከለው?"

"አንድ።"

"እና ይህን ሁሉ ሕዝብ የትኛው ገደል ላይ ልትተክለው ነው?"

ካሜራው ሳቀ፤ ዲያቆኑ አኮረፈ። ዘፋኟን ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስለ ጓደኛዋ ነው፤ እንድትመለስ።

"እንድትመለስ የሚወስነው ማነው?"

"አባቷ ናቸዋ።"

"እንግዲያው መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ እሳቸው ናቸው። ሰርዢና ጻፊ።"

ግጥሙን እንዲያነቡልኝ አደረግሁ። ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

ልብህ የድንጋይ ነው፣ አባት ክፉ አባት፣
ልጅህን ከትምህርት ምን ብለህ ነጠቅሃት!

ቪዲዮው ላይ ደግሞ ካሜራው ሪዝ ለጥፎ፣ ዱላ ይዞ፣ አባትየውን ሆኖ ሊሠራ ነው።

"ደንበኛውን ሰድቦ የሸጠ ነጋዴ ታውቃላችሁ?" አልኳቸው።

"የለም" አለ ካሜራው።

"አለ እንጂ። ሱቁ ግን ዝግ ነው።"

ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈን ሠራነው። እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው። የሰውዬው ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ መስኮቷ የክብሪት ቤት ታክላለች። ካሜራው ከሩቅ ተራራና ሰማይ ሊያነሳ አምሮት ነበር፤ በክብሪት ቤት ውስጥ ተራራ ጉብታ ነው፣ ሰው ደግሞ ቁንጫ፤ ስለዚህ ቀረብ ብለህ አንሳ አልኩት። ድምፅ ማጉያዋ ጢዝ ጢዝ የምትል ናት፤ ኦርጋን ያለበት ዘፈን ስጭንላቸው "ይሄ ቆርቆሮ ነው፣ አጥፊልኝ" ይላሉ፤ ስለዚህ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ ላይ የተማሪ ስም ዝርዝር እየወረደ የሚቆይ ከሆነ ዘፈኑ ሳይጀምር ስልኩ ኪስ ይገባል። የሚወዱትን ነገር ቶሎ ማሳየት ነው።

"ምን ይወዳሉ?" አለች ዘፋኟ።

ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈረሳቸውን ነው። መልኩ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ አለው። ሚስታቸው ሲታመሙ እንኳ "ፈረሱ እንዴት አደረ?" ብለው ነው የሚጀምሩት ይባላል። ሚስትየዋ ናቸው ያሉት፣ እኔ አልጨመርኩም።

ዲያቆኑ ማኩረፉን ትቶ ጥግ ላይ የስልክ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ሲነሳ ይህን ይዞ ተነሳ፦

ኮርቻው ተጭኖለት ደጅ የቆመ ፈረስ፣
ጋላቢው ከቀረ መቼ ሜዳ ሊደርስ?

ሰሙ ፈረስና ጋላቢ፣ ወርቁ ትምህርትና ከትምህርት የቀረችው ልጅ። የቅኔ ተማሪ መሆኑን ያን ቀን አመንኩት።

ፈረሱን ማግኘት የእኔ ድርሻ ሆነ። የእኛ የመንዝ ሰው "ስጠኝ" ሲሉት "የለኝም" ይላል፤ ያለውን ራሱ እንዲያወጣው ማድረግ ነው። በገበያ ቀን ሰውዬው ካርዳቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እየጫንኩላቸው፣ እግረ መንገዴን፣ ተማሪዎች ለቪዲዮ ፈረስ ፈልገው ከመሐል ሜዳ አንድ ደህና እንዳገኙ አነሳሁ።

"ከመሐል ሜዳ?" አሉ። "ያን ጋማው የረገፈውን እንዳይሆን።"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ የአገሩ አንደኛ ነው አሉኝ።"

"የአህያ አንደኛ!" ካርዱን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። "የኔ ለምን አልተጠየቀም?"

"እርስዎማ ፈረስዎን ለተማሪ አይሰጡም ብለን ነዋ።"

"አልሰጥምም። ራሴ ይዤ ቆሜ፣ እያየሁ፣ ያንሱት።"

እንደዚያ ሆነ። በቀጠሮው ቀን ሱቄን ዘግቼ አብሬ ሄድኩ፤ ከዚያ በፊት ከለቅሶ በቀር ለምንም ዘግቼ አላውቅም። ዘፈኑን አስቀድመን ዕቃ ቤቴ ውስጥ፣ እንዳያስተጋባ የሱፍ ባና ግድግዳው ላይ ሰቅለን፣ ቀርፀነዋል፤ ማሲንቆውን የገበያ አዝማሪ ለምነን መታልን። የጓሳ ነፋስ ዘፋኝ እንደማይለይ ስለማውቅ እዚያ የሚነሳው ምስል ብቻ ነበር።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሰውዬው ፈረሱን አጥበው፣ ጋማውን አበጥረው፣ ለሠርግ የሚወጣውን ኮርቻ ጭነው ቆመዋል። ልጃቸው ምሳ ይዛ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ዘፋኟ ሮጣ ልታቅፋት ስትነሳ በዓይኔ ያዝኳት። ሻጭ ዕቃውን ቀድሞ አይገልጥም።

ካሜራው ወዲያው ስህተት ሠራ። ከስልኩ ፊት ሳር ቢታይ ያምራል ብሎ አንድ ጭብጥ የጓሳ ሳር ሊነቅል ጎንበስ አለ።

"ተው!" አሉ ሰውዬው፤ ፈረሱ ራሱ ደነገጠ። "ይሄ ሳር የሚታጨድበት ቀን አለው። ሕግ አለው።"

"አንድ እፍኝ እኮ ነው ጋሼ።"

"ጓሳን የሚጨርሰው እፍኝ ነው። ሳሩ ወዳንተ አይመጣም፤ አንተ ተኛ።"

ልጁ ሳሩ ውስጥ በሆዱ ተኛ። በሳሩ መሐል ወደ ላይ ሲያነሳ ፈረሱ ሰማይ አከለ። ከቪዲዮው ሁሉ የሚበልጠው ያ ሆነ። መምህሩ ኋላ "ይህን ማን አሰበው?" ሲለው ልጁ "ዳይሬክተር ነበረን" ብሎ አለፈ።

ቀጥሎ ዘፋኟ ልጓሙን ይዛ መራመድ ነበረባት። ዳማው አፍንጫውን ነፋ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ አንድ እርምጃ አልሄድም አለ። ሰውዬው ራሳቸው ያዙት፤ ፈረሱ ተራመደ፣ እሳቸው ግን ካሜራ ሲያዩ መታወቂያ ላይ እንዳለው ፎቶአቸው ደረቁ። አንገታቸውም አልዞር አለ።

"ጋሼ፣ ዘና ይበሉ" አለ ካሜራው ከሳሩ ውስጥ።

"ምን ዘና! ተዘናግቼ ፈረሴ ይጥፋ?"

በመጨረሻ ተናደዱና "ነይ እስቲ አንቺ ያዥው! ያሳደግሽው አንቺ ነሽ" ብለው ወደ ልጃቸው ጮኹ።

መጣች። ልጓሙን ስትነካው ፈረሱ አንገቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሁለቱ ጓደኛሞች ጎን ለጎን፣ ፈረሱ ከኋላቸው፣ አፋፉን ይዘው ሄዱ። አዙሪው ሲሏት አዞረችው፤ አስሩጪው ሲሏት ዘላ ወጥታ አስሮጠችው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ለቪዲዮው የሚዘፍኑ ይመስላል እንጂ የክፍላቸውን ወሬ እያወሩ እንደነበር ለእኔ ግልጽ ነው። ሰውዬውን አየኋቸው። ዓይናቸው ከዳማው አልተነቀለም። በልቤ ግን "ዘፈኑ ሲደርሳቸው ወርቁ ይገባቸዋል" አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

ቪዲዮው ኮምፒውተሬ ላይ ተቆርጦ ተቀጥሎ ለመምህሩ ቀረበ። ወደደው፤ ለሦስቱም ጥሩ ማርክ ሰጣቸው። ትንሽ የቀነሰባቸው በአንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ "ዒላማው ጠባብ ነው" ብሎ በቀይ ጽፎበታል። ዘፋኟ ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝ። ጠባብ ካልሆነ ምኑን ዒላማ ሆነ?

የገበያው ቀን ደረሰ። ድምፅ ማጉያዬን ወደ መንገድ አዙሬ ዘፈኑን ከፈትኩት። ሰውዬው በሰው መሐል እየገፉ ገቡና ሳይቀመጡ ካርዳቸውን ሰጡኝ።

"የፈረሴን ጫኝ።"

ጫንኩላቸው። ሦስቱ ተማሪዎችም እዚያው ባንኮኒው ዳር ናቸው፤ ዕለቱን ሲጠብቁ የሰነበቱት እነሱ ናቸው። ሰውዬው ክብሪት ቤቷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከዳር እስከ ዳር አዩ። ግጥሙ መጣ፣ ሄደ።

"ውሸት ነው" አሉ ሲያልቅ።

"ምኑ ጋሼ?"

"የኔ ፈረስ ደጅ ቆሞ አያውቅም። ሁልጊዜ ሜዳ ነው። ደሞ ቦራው በደንብ አልታየም።"

ዲያቆኑ ፊቱ ጠቆረ። ይህን ያህል ዘመን የሰው ልብ አውቃለሁ ብዬ፣ ሰውዬው ሰሙን ተጨቃጭቀውበት ወርቁን ረግጠውት ሊሄዱ ነው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ለቀልድ ይመስለኛል፣ ዞር አሉ።

"ለመሆኑ ፈረሱ ስንት ማርክ አገኘ?"

"ጥሩ ነው ጋሼ፣ ሦስታችንም አልፈናል" አለች ዘፋኟ።

"ሦስታችሁ? ልጄስ?"

"እሷማ ከመዝገብ ወጥታለች። ለእሷ ማርክ የለም።"

እግራቸው ደፉ ላይ ቆመ።

"ፈረሱን የያዘው ማነው?"

"እሷ ናት።"

"ያዞረው? ያስሮጠው?"

"እሷ።"

"ማርኩን የወሰደው ግን..." አሉና ሦስቱን በየተራ አዩአቸው። ካሜራው ሳር የሚነቅል ይመስል አጎነበሰ። "እንዴ! በኔ ፈረስ የሰው ልጅ ይጋልብ? የኔ ልጅ ቆማ ትይ?"

ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ወርቁን ራሳቸው፣ ባፋቸው፣ ሳያውቁት አውጥተው ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጠውታል። ዘፈን አላራራቸውም፤ መበለጥ ግን አቃጠላቸው። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ አስቤው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር።

"ፈተናው ገና ነው ጋሼ" አልኩ፣ ባትሪ እየደረደርኩ፣ ነገሩ እንደማይመለከተኝ ሆኜ። "ከፈተናው በፊት የመጣ የራሱን ይወስዳል።"

ሰው እየገፉ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። ዳማው ቆሟል። በላዩ ያው ፍራሽ፣ አንድ ከረጢት በሶ፣ ሌላ ከረጢት ድንች። ልጅቷ ልጓሙን ለአባቷ አቀብላ ፍራሿን ተሸክማ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ከውስጥ የዘፋኟ ጩኸት ተሰማ።

"ማርኳን ልታስመልስ ነው" አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

"ካስመለሰች በኋላስ?"

"ይሄ ማርክ የሚባለው መቼ ነው የሚያልቀው?"

"አሥራ ሁለተኛን ሲጨርሱ። ከዚያም ወዲያ ሌላ አለ ይላሉ።"

የወንድማቸው ልጅ የተቀመጠበትን ድንጋይ ያሰቡ መሰለኝ፤ የኮርቻውን መቀነት ጠበቅ አደረጉ። "እንግዲህ ትልቀመዋ። ለሰው ልጅ ከምንተውለት።" ፈረሱን አዙረው ወጣ ካሉ በኋላ ከመንገዱ ላይ ተጣሩ።

"አንቺ! ያንን ቪዲዮ ግን ቦራው እንዲታይ አርገሽ ድጋሚ ጫኝልኝ!"