ጃርቱ ወንዝ መሃል የቀረበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ሁለት ጋን ጠላ በእጄ ወድቆ ነበር። ዛሬ ሁለት ጋን ለእኔ የአንድ ገበያ ቀን ሽያጭ ነው፤ ያኔ ግን ቤታችን ያለው ሁሉ ነበር። የቀረን በቆሎ፣ የተወቀጠው ጌሾ፣ የዳጉሳው ብቅል፣ የእናቴ ስምና የደንበኞቿ ትዕግሥት ሁሉ እነዚያ ሁለት ጋኖች ውስጥ ገብቶ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅ እንዴት እንደወደቀ ከመናገሬ በፊት ስለ ተረቱ ልናገር፤ እኔ ጠላ መጥመቅ የተማርኩት ተረት እየሰማሁ ነውና።

እናቴ ሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው በታች፣ ጠላ ትሸጥ ነበር። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተ የምንኖረው በጠላው ነበር። ጠጪዎቿ የቡና ጫኞች፣ ወደ ቴፒ የሚሄዱ የመኪና ረዳቶች፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከሸዋ ቤንች በኩል የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ጠላ በምትጥልበት ሳምንት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አመሻሽ ላይ ይመጡና እንኩሮውን ያምሱላት ነበር። እንኩሮ ማለት በውሃ የታሸ የበቆሎ ዱቄት ብረት ምጣድ ላይ እየታመሰ ቡናማ ፍርፋሪ ሲሆን ነው፤ የጠላው መልክም ጣዕሙም ከእሱ ይመጣል። ካልበሰለ ጠላው ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ካረረ ከሰል ከሰል።

እማማ ዘነበች አፋቸውን የፈቱት በቤንች ቋንቋ ነበር፤ አማርኛውን የለመዱት ካደጉ በኋላ ገበያ ውስጥ ነው። ተረቱን ግን በአማርኛ ነበር የሚነግሩኝ፣ እንጨቱ እየተንጣጣ፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ የእጃቸውን ጥላ እያመላለሰ፣ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው ከአጠገባቸው ሳልነሳ። አንበሳ ድግስ ደግሶ እንስሳትን ሁሉ ይጠራል። መንገዱ ላይ ወንዝ አለ፤ የመሻገሪያው ጠባቂ ኤሊ ናት። የሚመጣውን ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» ትለዋለች፤ መልሱ ካላስደሰታት አታሳልፍም። ከርከሮ ሥራ ሥር ይዞ ይመጣል፣ ጦጣ ቀይ የቡና ፍሬ፣ ጉሬዛ ምንም ሳይዝ ጅራቱን ብቻ እያሳየ። እያንዳንዱ ከኤሊ ጋር ይከራከራል፣ ይሻገራል፣ ሌላው ይመጣል። የመጨረሻው ሲሻገር እንኩሮው ከምጣዱ ይወርዳል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን መቁጠር ልማዴ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ይቆረቁረኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ሦስት እንስሳት ይሻገራሉ፣ አንዳንድ ቀን ሰባት።

«እማማ፣ ባለፈው ሦስት ነበሩ እኮ!» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዛሬ ወንዝ ሞላ። ብዙ ሰው ተቸገረ።»

«ሰው አይደሉም፣ እንስሳ ናቸው።»

«እንስሳም ሲቸገር ሰው ነው» አሉና ማማሰያውን አዞሩ።

ይህ መልስ እንዴት አድርጎ ያረካኛል? ለብዙ ጊዜ ተከታተልኩ። በመጨረሻ ያገኘሁ መሰለኝ። ደጅ ዝናብ ሲኖር ሰባት ናቸው፣ ፀሐይ በዋለበት ቀን ሦስት። እንጨቱ ሲረጥብ እሳቱ ይደክማል፣ እሳቱ ሲደክም ተረቱ ይረዝማል። ያኔ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የትልቅ ሰው ምሥጢር ብቻዬን የፈታሁ ያህል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

የቡና ለቀማ ወቅት ገብቶ ከተማው በሰው ሲሞላ እናቴ ከሌላው ጊዜ በተለየ ሁለት ጋን በአንድ ጊዜ ጠነሰሰች። ጌሾውና ብቅሉ በውሃ ገብቶ ጥንስሱ መፍላት እንደጀመረ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃው አንሸራተታትና ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው ቤት ወሰዷት፤ ትኩሳት ስለያዛትም እዚያው አደረች። ጥንስስ ደግሞ አይጠብቅም። እንኩሮው በጊዜው ካልገባለት ይበላሻል፤ ለገበያው ቀን ጠላ ከሌለ ደግሞ ጠጪው ከላይ ካለችው ጠላ ሻጭ ቤት ይገባል፤ አንዴ ከገባ ለመመለሱ ማን ዋስ ይሆናል?

እማማ ዘነበችን መጥራት እችል ነበር። አልጠራሁም። የማውቅ መስሎኝ ነበራ!

ደጅ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ስለዚህ ሰባት። ምጣዱን ጣድኩ፣ የመጀመሪያውን ጋን ዱቄት አፈሰስኩ፣ ተረቱንም ለራሴ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ከርከሮ ተሻገረ። ጦጣ ተሻገረች። አራተኛው ላይ ስደርስ ሽታው ተቀየረ። ተቀይሮ ነበር፤ አፍንጫዬ ነግሮኛል። ግን ገና ሦስት እንስሳት ወዲያ ማዶ ቆመው ነበርና ሳላሻግራቸው እንዴት ላውርድ? ሰባተኛውን ሳሻግር ምጣዱ ላይ የነበረው እንኩሮ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ያነደድኩት እንጨት ያረጁ የቡና ዛፎች ተቆርጠው ጎረቤት የሰጠን፣ ጣሪያ ሥር ሲደርቅ የከረመ ግንድ መሆኑን ልብ አላልኩም። የቡና እንጨት ደግሞ ፍሙ ኃይለኛ ነው። ከሁለተኛው ጋን ድርሻ ሌላ ዱቄት ስላልነበረኝ ያንኑ ያረረውን የመጀመሪያው ጋን ውስጥ ጨመርኩት፤ ጋኑ ያስተካክለዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ።

በማግስቱ እማማ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ።

«ስንት አሻገርሽ?» አሉኝ፣ ገና ሳልናገር። ሽታው አጥር ዘሎ ደርሷቸዋል።

«ሰባት።»

«ማን ነው ሰባት ያለሽ?»

«ዝናብ ነበረ...»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ቆጥሬ አላውቅም፣ ልጄ። ሲሸተኝ አቆማለሁ፤ ካልሸተተኝ ሌላ እንስሳ እጠራለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ እርስዎ መጥተው ያምሱልኝ።»

«አልመጣም። እኔ ከመጣሁ አንቺ ትሰሚያለሽ። ከሰማሽ አታሸቺም።»

ያኔ ጭካኔ መስሎኝ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ ደቂቃ ሞልታ ስታምስ ሳይ እማማ ዘነበች ያሉትን ልነግራት እፈልግና እተወዋለሁ፤ አንድ ምጣድ ታሳርር፣ ይገባታል።

በዚያ ምሽት እናቴ ክንዷ በቀርከሃ ታስሮ ቤት ተመልሳ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች። የሁለተኛውን ጋን ዱቄት ምጣዱ ላይ አፈሰስኩና ተረቱን ጀመርኩ፤ አሁን ግን ፊቴን ወደ ምጣዱ አድርጌ፣ በየመሃሉ እያሸተትኩ። ከርከሮ አለፈ። ሽታው ገና የጥሬ ዱቄት ነው። ጦጣ አለፈች። አሁን እንደ ተቆላ በቆሎ ሆነ። ከዚህ በኋላ እማማ ዘነበች ያላመጡትን እንስሳ፣ ጃርትን፣ ከራሴ አመጣሁ። ኤሊ «ምን ይዘህ መጣህ?» አለችው። «እሾሄን» አላት፤ ይህንንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ወንዙ ውስጥ ገብቶ መዋኘት እንደ ጀመረ ያ ሽታ መጣ፣ ደረቅና ጣፋጭ፣ ከማረር በፊት ያለው። ምጣዱን ብድግ አድርጌ አወረድኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ጃርቱስ?»

«ይዋኝ!» አልኳት።

ክንዷን ያመማት እስኪመስለኝ ድረስ ስትስቅ ሰማኋት።

ጠላዎቹ ደረሱ። እናቴ የመጀመሪያውን ጋን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና «ይደፋ» አለች። ውሃ ጨምሮ መሸጥ ይቻል ነበር፣ የሚያደርጉም ነበሩ፤ እሷ ግን ስሟን አልሸጠችም። እኔው ራሴ እየቀዳሁ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ያረረው ሽታ ሠፈሩን ሁሉ ስላወደው በገበያው ቀን ወሬው ከጠጪው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

«ከትናንት ወዲያ ቦዩ ጠጥቶ ነበር አሉ፤ ዛሬ የእኛ ተራ ነው!» አለ አንዱ ጫኝ ገና ከበር ሲገባ።

«ሆድ ያለህ ቅመስ» አለው ጓደኛው፤ «እኔ ነገ መኪና እጭናለሁ።»

ሁሉም ጋሽ ተካን ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ተካ ቡና መዛኝ ነው፤ ጠላ ሳያሸት አይጠጣም፣ ያልወደደውንም ሳያፍር ወለሉ ላይ ይደፋዋል። እሱ ከደፋ የሚቀመጥ የለም። ቀዳሁለት። ጣሳው ከንፈር ላይ አረፋው ፈሰሰ። አሸተተ። ቀመሰ። ደግሞ ጠጣ፣ አሁን ረዘም አድርጎ።

«እትዬ ብርቄ» አለ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ክንድሽ ዳነ ማለት ነው?»

እናቴ ከመደቡ ሳትነሳ የታሰረውን ክንዷን ከነጠላው ሥር አውጥታ አሳየችው።

«ታዲያ ይኼን ማን ጠመቀው?»

«የቀዳችልህ።»

ያን ጊዜ ፊቴን አየኝ። እስከዚያ ድረስ ለጋሽ ተካ «አንቺ ልጅ፣ ቅጂ» ነበርኩ። ጣሳውን ጨርሶ ዘረጋልኝና «ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ።

«አስካለ።»

«አስካለ፣ ድገሚኝ። ለሚመጣው ገበያስ ስንት ጋን ትጥያለሽ?»

ነገ መኪና እጭናለሁ ያለውም ጣሳ ጠየቀ። ጋኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው አመሻሽ ላይ መጡ። እኔም ደስ ብሎኝ ምጣዱን አቀረብኩላቸውና ተረት ለመስማት ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ማማሰያውን እጄ ላይ አኖሩትና እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ ስነግር ኖርኩ። አሁን ጠማቂዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ልስማ።»

ሒሳቡን ስዘጋው እንዲህ ይመጣል። ከሁለት ጋን አንዱ ቦይ ገባ፣ አንዱ ተጠጣ። የተጠጣው ደንበኞቻችንን አቆየልን፤ ከደንበኞቹ ይህ የምጽፍበት ቤት ወጣ፣ ልጆቼም ተማሩበት። በዚህ በኩል ትርፉ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ለእናቴ፣ ለልጆቼ፣ ለልጅ ልጆቼ ቁጥሩን የማላውቀው ተረት ስነግር፣ አንድም ሰው ከእሳት ዳር አስቀምጦ ለእኔ የነገረኝ የለም። የተደፋውን ጋን በሁለት ሳምንት ተክቼዋለሁ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ የምተካበት አላገኘሁም።