ልጄ ጥላብኝ የሄደችው ቅጠል

ቅጠሉን ከነማሰሮው ጎንደር ገዝታ ያመጣችው ልጄ ናት፤ እናቷ በሞተች ዓመት። ቤቱ ጭር አለ ብላ ሳሎን ጥግ አስቀመጠችው። ደባርቅ እስካለች ድረስ ጉዳዩ የሷ ነበር፤ እኔ ዞር ብዬም አላየሁት። ጣጣው የመጣው ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤቷ ወደ ጎንደር ሲያዛውራት ነው።

"አባዬ፣ ብቻህን ትቼህ አልሄድም። አብረን እንሂድ።"

"አልሄድም።"

"ማን ያይሃል?"

"ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም።"

ጎንደር ሄጄ ምን ልሁን? የተከራየችው አንዲት ክፍል ናት። እሷ ሥራ ስትወጣ የሰው ግቢ በር ላይ ተቀምጬ አከራዮቿ ሲያፈጡብኝ ልዋል? እዚህ ቤቴ ነው። እናቷም ያረፈችው እዚህ ነው።

ልጄ ግትር ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ። ወደ ጥጉ ዞራ ቅጠሏን አየች።

"እንግዲያው ይቺን እስከ ገና በሕይወት አቆይልኝ። እሷን ካቆየሃት ራስህንም ታቆያለህ ብዬ አምናለሁ፣ ሁለተኛ አልጨቀጭቅህም። ከሞተች ግን ዕቃህን አስሬ ይዤህ እሄዳለሁ።"

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም።

እኔ ደባርቅ ሳልገባ አምባራስ በሚባል መንደር ገብስ ሳርስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አፈርና ዘር አያደናግረኝም ነበር። ይህ ግን አይበላ፣ አያፈራ፣ አይሸት። በግ እንዳይነካው፣ ይመርዛል ተብያለሁ። ፀሐይ በቀጥታ አትምታው፣ ጨለማም አይሁን፤ ውሃ አይብዛበት፣ ግን አይጥማው። እንዲህ ያለውን ነገር እግዜር ሲፈጥረው የት ሊያኖረው አስቦ ነው? እንጃ። ልጄ "እሷ" ትላታለች። እኔም ቆይቼ እሷ አልኳት።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በቀዳዳው ነው። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳያት ሰፋፊው ቅጠል ሁሉ ተበሳስቷል፣ ጠርዙም ተተልትሏል። ተምች የገባበት ማሳ አውቃለሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ባትሪ አብርቼ ቅጠሉን እየገለበጥኩ ትሉን ፈለግሁ። የለም። አፈሩን ጫርኩ። የለም። እሁድ ልጄ ስትደውል ነገርኳት።

"ትል በልቷታል።"

"የቱን ቅጠል?"

"ሁሉንም። ትልቅ ትልቁን።"

ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ ተፈጥሮዋ ነው እኮ። ሲያድግ ራሱ ይቀደዳል።"

"የተቀደደው ነው ጤነኛው?"

"አዎ።"

"ደህናውስ?"

"እሱ ገና ልጅ ስለሆነ ነው። ሲጎለምስ ይቀደዳል።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። ዕድሜ ልኬን ሳይ የተቃጠልኩበትን ነገር አሁን ሳይ ደስ ይበለኝ? እሺ፣ ይበለኝ።

ቀጥሎ ውሃው መጣ። "ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ከደረቀ ስጣት፣ ከራሰ ተዋት" ብላኛለች። ቀላል ይመስላል። ህዳር ላይ ደባርቅ ውስጥ ጠዋት ጣቱን አፈር ውስጥ የከተተ ሰው ግን ቅዝቃዜውን ከእርጥበቱ አይለይም። ሁልጊዜ የራሰ ይመስለኛል። ተውኳት። አንገቷን ደፋች። ደንግጬ አጠጣኋት፤ ታች ያለው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ገብስ ቢጫ ሲሆን ማጭድ እስላለሁ። እዚህ ምን ልሳል?

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት አቅርበው አውራ ጣቴን ሲያስነኩኝ የተጻፈው ላይ አፈጥ ነበር። የሆነ ነገር ስለኔ እንደሚል አውቃለሁ፣ ምን እንደሚል አላውቅም። ያች ቅጠል ፊት ስቀመጥም እንደዚያው ነበርኩ። ፊደሉን የሚያስተምር ሰው አገኘሁ፤ ይህን የሚያስተምር ግን ከየት ይመጣል?

ታህሳስ ገብቶ ውርጩ ሲበረታ ተሸክሜ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ምድጃው ዳር ወሰድኳት። ታላቅ እህቴ ከአምባራስ ለገበያ መጥታ እኔ ዘንድ ያደረችው ያን ሰሞን ነው።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የልጄ ናት።"

"ትበላለች?"

"አትበላም።"

"ለመድኃኒት ነው?"

"አይደለም። ዝም ብላ ትቀመጣለች።"

እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ወንድም ዓለም፣ ለበሬህ እንኳ እሳት አላነደድህም። ምን ነካህ?"

የልጄን ነገር፣ የገናውን ነገር አስረዳኋት። ብትሞት ጎንደር እንደምወሰድ ስነግራት ቅጠሏን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። እኔ ብሄድ ከአምባራስ ስትመጣ የምታርፍበት ቤት የላትም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ቅጠሎቹ ያብለጨልጫሉ። የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

"እቴ፣ ምን አደረግሻት?"

"ለጋ ቅቤ ቀባኋት። እንዲህ ደርቃ እያየሃት ትተዋታለህ?"

"ሰው እኮ አይደለችም።"

"ሰው ካልሆነች እሳት ዳር ምን ትሠራለች?"

እኛ አገር የታመመ፣ የደከመ፣ የወለደች፣ ያዘነ ሁሉ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ለገበያ ካመጣችው ቀንሳ ነው የቀባቻት። ምን ብዬ ልቆጣት?

እሷ ከሄደች በኋላ ጥላሸቱ ቅቤው ላይ ተለጠፈ። ቅጠሉ የምድጃ ጉልቻ መሰለ። ቅቤውን ብላ አይጥ መጣች፤ ጠርዝ ጠርዙን ቆረጣጠመችው። አሁን የተፈጥሮው ቀዳዳ የቱ፣ የአይጧ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አንድ በአንድ አጠብኳቸው፤ የሕፃን ጆሮ የማጥብ ነው የሚመስለው። የታጠበው ቢጫ ሆኖ ረገፈ፤ ያልታጠበውም ረገፈ። የቱ እንደገደላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለገና ዋዜማ ልጄ ስትመጣ ሁለት ቅጠል ቀርቷታል፣ አንዷም ግማሽ ናት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማድ ቤት ገባች። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ቅቤ ነው?"

"አክስትሽ ናት።"

ግንዷን ዳሰሰች። ከሁለቱ ቅጠሎች መሃል እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ የሚወጣ ጣት የማይሞላ ነገር ነበር። እኔ ሳየው ከርሜያለሁ፤ ሕመም ነው ብዬ ነው።

"አዲስ ቅጠል ነው" አለች። "በሕይወት አለች።"

"እና?"

"እንደ ቃሌ ነዋ። እዚሁ ቅር።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስታው የት እንደቆመ አላውቅም፣ አልመጣም።

"እሷን ግን እወስዳታለሁ" አለችኝ። "እዚህ ብርዱ ይጨርሳታል።"

"ያለሽ አንዲት ክፍል ናት፤ የት ታስቀምጫታለሽ?"

"ላንተ ብዬ የተውኩት ቦታ አለ። መስኮቱ ሥር።"

በዓሉ ሲያልፍ ማሰሮዋን በነጠላ ጠቅልላ መናኸሪያ ድረስ ተሸከምኩላት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ጭኗ ላይ አኖረቻትና በመስኮቱ እጇን አወጣች። እጇን ያዝኩት። መስኮቱ ሥር ስላለው ቦታ የምጠይቃት ነገር ነበረኝ። መኪናው ተነሥቶ በዳባት መንገድ ሲርቅ ቆሜ አየሁት፤ ጥያቄው ምን እንደነበረ ግን አልመጣልኝም።